ሚዛን ላይ የተጠየቀ መርዶ

እማዋይሽን የበደላት ሊቀ ሰሚ ማስረሻ ነው። ባሏን የገደሉት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ቀይ ቀበቶ ታጥቀው፣ በፈረስ፣ በጠራራ ፀሐይ መጥተው ያደረጉት ስለሆነ በደላቸው ማብራሪያ አያሻውም። ማስረሻ ግን ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «እባክሽ» እያለ ነው የበደላት። በትሕትና የተሠራ በደል ክፋቱ ይኸው ነው፤ ለሰው ሲያወሩት «ታዲያ ምን አደረገሽ?» ያሰኛል።

ነገሩ የሆነው በጥላው አገር ነው። የት ነው ለሚል፣ ከወንዙ ማዶ። የትኛው ወንዝ ለሚል ደግሞ፣ ሰው ነፍሱን ብቻ ይዞ የተሻገረው ወንዝ ሁሉ ያው ነው።

የዚያ አገር የመጀመሪያው ንጉሥ ራሱ ስደተኛ ነበር። እሳት አባሮት፣ እግሩ ቆሳስሎ፣ አንዲት ዋርካ ሥር ወድቆ ነው ያገኙት። ሲነግሥ ያወጣው ሕግ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «እሳት ሸሽቶ የመጣን ከጥላ ሥር አታስነሡ።» ልጁ ሲነግሥ «መሸሹ ይጣራ» የሚል ጨመረበት። የልጅ ልጁ «እሳቱም ይጣራ» አለ። ከዚያ ወዲያ የመጣ ሹም ሁሉ የበኩሉን እየጨመረ የማጣሪያው ሕግ አዳራሽ ሙሉ ሆነ። አዳራሹ ሲጠብባቸውም ለማስፋት ብለው ዋርካዋን ቆረጧት። የንጉሡ መስመር ግን እስከ ዛሬ ከበሩ በላይ በድንጋይ ተቀርጾ አለ፤ ሲገቡ ካላንጋጠጡ አይታይም።

ጥላ የሚጠይቅ ሰው ቃሉን የሚሰጠው ለሦስት ሰሚዎች ነው። ሰሚዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ርኅራኄ በዓይን ይገባል ተብሎ ይፈራል። በመካከላቸው ሚዛን አለ። ቃል ከቃል ሲገጥም ነጭ ባቄላ፣ ሲፋለስ ጥቁር ባቄላ ይጣልበታል። ቤቴ ተቃጠለ ያለ ሰው ምሰሶውን ያምጣ ይባላል። ምሰሶው ደኅና ከሆነ ቤቱ አልተቃጠለም፤ ከሰል ከሆነ ደግሞ ከሰል የትም ይገኛል። ዛቱብኝ ያለ፣ የዛተበት ሰው ማኅተም ያረፈበት ዛቻ ያቅርብ። ያለቀሰ አስመሳይ ነው፤ ያላለቀሰ ሐዘን የለውም። ታሪኩን ሳይስት የደገመ አጥንቶ መጥቷል፤ የሳተ ዋሽቷል። በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ደግሞ ጭስ ተመልካች የሚባል ሹም ተሰቅሏል። ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም፤ ግን በየጠዋቱ ወደ ማዶ አይቶ «ዛሬ ጭስ የለም!» ብሎ ይጮኻል። ጭጋግ ሲሆንም እንዲሁ ይላል። ጭጋግ ሲሆንማ ይብስበታል።

እማዋይሽ ወደዚህ አገር የመጣችው ከአማቷ ከእማማ አቻምየለሽና ከልጇ ከትርፌ ጋር ነው። ባሏ ይርዳው ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። የአገራቸው ገዢ «የታችኛው መንደር ሰው ከዛሬ ጀምሮ ጠላት ነው፤ ውሃ አይቅዳ» ብሎ ባስነገረ ጊዜ፣ ይርዳው «ጉድጓዱን ስቆፍር አፈሩን ያወጡልኝ እነሱ ናቸው፤ ውሃው ሲገኝ እንዴት ጠላት ይሆናሉ?» ብሎ ክዳኑን አልዘጋም አለ። የሞተው ለዚህችው ነገር ነው። ቀይ ቀበቶዎቹ ከመንደሩ ዳር ጥለውት ሲሄዱ «እናቱም ሚስቱም ዘሩም ተራቸውን ይጠብቁ» አሉ። ስንቱን ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ለራሱ የሚቆፍርለት ወንድ አጣ፤ ወንዱ ሁሉ ፈርቶ ነበር። እናቱና ሚስቱ ቆፍረው ቀበሩትና ትርፌን ከአክስቷ ቤት ይዘው ወጡ።

እነማዋይሽ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። የወተት ጥርሱን ላልጣለ ልጅ መርዶ አይነገርም። የሞተው ሰው «ማር ሊቆርጥ ቆላ ወርዷል» ይባላል። አንድ ቤት ይህን ካለ መንደሩ በሙሉ፣ ባላንጣ እንኳ ሳይቀር፣ ያንን ማር አብሮ ይጠብቃል። ልጁ ጥርሱን ሲጥል በማለዳ ዘመድ ይሰበሰባል፤ የቤቱ ታላቅ ልጁን ጭን ላይ አስቀምጦ ያረዳዋል። መርዶ ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም፤ ሲወድቅ የሚይዘው ያስፈልገዋል። ደንቡ ይኸው ነው፤ የጥላው አገር ሰዎች የማያውቁት፣ እነማዋይሽም «ያውቁታል ወይ?» ብለው ለመጠየቅ ያላሰቡት። ሰው እኮ እናቱ ያስተማረችው ነገር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል።

ጥላ ጠያቂዎች ተራቸውን የሚጠብቁት ከአዳራሹ በታች ባለው ሜዳ ላይ፣ ከየአገሩ ይዘውት በመጡት ጨርቅ በተሠራ ድንኳን ውስጥ ነው። እዚያ ቢያድግልኝ የሚባል፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነበር። ጀርባው በጅራፍ ተተልትሏል። ሰሚዎቹ ጀርባውን ማየት ሕግ ስለሚከለክላቸው የተገረፈበትን ጅራፍ እንዲያመጣ አዘዋል።

«የገረፈኝን ሰው ‹ጌታው፣ ጅራፍህን አንዴ ታውሰኛለህ? እመልሳለሁ› ልበለው?» እያለ ያስቃል። እማዋይሽን ግን ለብቻዋ «ስሚ እህቴ፣» አላት፤ «እዚህ አገር እውነት መናገር አይበቃም፤ እውነት መምሰል ያስፈልጋል።»

«እውነት ራሱን ካልመሰለ ማንን ሊመስል ነው?»

«እሱን ሲገባሽ ለእኔም ትነግሪኛለሽ።»

ተራቸው ደረሰ። አንድ በአንድ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ገቡ። እማዋይሽ ለሦስት ጀርባዎች ተናገረች። መሐል ያለው ሊቀ ሰሚ ማስረሻ ነው። በቀኙ ሽማግሌው ፈንታ፣ በግራው ወይዘሮ አልጣሽ ተቀምጠዋል።

«እባክሽ፣» አለ ማስረሻ፣ «ቀይ ቀበቶዎች መንደርሽን ሲያውኩ ወደ ጎረቤት መንደር ለምን አልሄድሽም?»

«ከጎረቤት መንደር ነው የመጡት፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እነሱ ሲመጡ ጎረቤት መንደር ባዶ ነበራ።»

ጥቁር ባቄላ ወደቀ። እማዋይሽ የእሷ መልስ ይሁን የሱ ጥያቄ የተቆጠረባት አልገባትም።

እማማ አቻምየለሽ ገቡ።

«እሜቴ፣ ልጅዎ መሞቱን በምን አወቁ?»

«ቀብሬው።»

«ከመቃብሩ ያመጡት ማስረጃ አለ?»

«እዚያ አስቀምጬ መጣሁ እንጂ ከዚያ ምን አመጣለሁ፣ የእኔ ጌታ?»

ሽማግሌው ፈንታ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳል ይሁን ሌላ ነገር ከጀርባ አይለይም። ነጭ ባቄላ ወደቀ፤ የአማትና የምራት ቃል ገጥሟልና።

በመጨረሻ ትርፌ ገባች። ልጅ ለብቻዋ ትገባለች መባሉን እማዋይሽ ያወቀችው በሩ ላይ ነው። «እኔም ልግባ» ስትል ዘበኛው በጦሩ ዘንግ መንገዱን ዘጋባት። ድምፁ ግን በበሩ ሥር ይወጣ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽ የት ነው?»

«ማር ሊቆርጥ ሄዷል።»

«መቼ ይመጣል?»

«ማሩ ሲሞላለት።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሁሉም ሰው።»

በዚያ አገር ሕግ ያላደገ አፍ አይዋሽም። ስለዚህ የልጅ ቃል በባቄላ አይቆጠርም፤ ድንጋይ ነው የሚጣልለት። ድንጋዩ ሚዛኑን ደፍቶ ሲያንኳኳ እማዋይሽ በሩ ላይ ሰማችው።

አስገቧትና ማስረሻ ተናገረ። ሰውየው በሕይወት አለ። ባልም ሳይሞት፣ ገዳይም ሳይኖር፣ ሁለት ሴቶች ቀባሪ ነን ብለው አዳራሹን አታለዋል። በማግሥቱ ወደ መሻገሪያው ይወሰዳሉ። ከመሻገሪያው ማዶ ማን ፈረሱን ውሃ እያጠጣ እንደሚጠብቅ ሁሉም ያውቃል፤ ከጭስ ተመልካቹ በቀር።

እማዋይሽ ደንቡን አስረዳች። ጥርሱን፣ ማሩን፣ ማለዳውን። ወይዘሮ አልጣሽ «እንዲህ ያለ ልማድ አለ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ስለ ማዶ ሰዎች ልማድ የሚጠየቀው ጭስ ተመልካቹ ስለሆነ ወደ ጣሪያው ተጮኸ። ጭስ ተመልካቹ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «እንዲህ ያለ ልማድ ከዚህ አይታይም!» አለ።

«እኔ ጨካኝ ሰው አይደለሁም፣» አለ ማስረሻ። «ልጅቱ ካላወቀች እንድታውቅ እናድርግ። ነገ ይዘሻት ነይና እዚሁ እኛ ፊት አርጂያት። የመጀመሪያ ለቅሶ አይጠናም፤ የአንድ ልጅ የመጀመሪያ ጩኸት ምን እንደሚመስል ጆሯችን ያውቃል። ለቅሶዋ እውነት ከሆነ ድንጋዩ ይነሣል። ለራስሽ ስል ነው፤ እባክሽ።»

በደሉ ይህ ነው። ልብ ያለው ይመዝነው።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። ትርፌ ደጅ ከልጆች ጋር ጠጠር ትጫወታለች።

«አድርጊው፣» አለ ቢያድግልኝ። ያን ጊዜ ግን አልሳቀም። «አንድ ለቅሶ ነው። ባንድ ለቅሶ ጥላ ከሰጡሽ ረክሶልሻል። እኔን ጅራፉን አምጣ ነው ያሉኝ።»

«አፈር በበላሁ፣» አለች እማዋይሽ። «ልጄ ስትጮኽ ባቄላ ሊቆጥሩባት ነው እኮ! ደግሞ ማን ያቅፋታል? ሦስት ጀርባ?»

«አንቺ ታቅፊያታለሽ።»

«እኔማ ጆሮዬ ሚዛኑ ላይ ይሆናል። ‹በደንብ አልቅሺ ልጄ፣ ትንሽ ጨምሪ› ብዬ በልቤ ስማጸናት እገኛለሁ። እሷን አቅፌ እንዲህ ካሰብኩ፣ እናት ነኝ?»

እማማ አቻምየለሽ ጠጋ አሉ። «እኔ የምልሽ፣» አሉ፤ «ልጅቱ መስማቷ አይቀርም። አንድ ጊዜ የእነዚህ ሰዎች አፍ ውስጥ ገብቷል፤ ነገ ዘበኛው ይነግራታል፣ ካልሆነም የድንኳኑ ልጅ። እኛ እንቅደም። እዚሁ፣ በማለዳ፣ በወጉ።»

«ጥርሷ ገና ነው፣ እማማ። ገና መነቃነቁ ነው።»

«አገር ጥለን የለም እንዴ? ጥርስ ምን ቁም ነገር ነው!»

«እዚህ ካረዳናት አዳራሹ የሚፈልገው የመጀመሪያ ለቅሶ ያልቃል። ይመልሱናል፤ እርስዎንም፣ እሷንም።»

አሮጊቷ የምራታቸውን እጅ ያዙ። «እሱን አውቃለሁ። የልጄ እናት እኔ ነኝ፤ የልጅሽ እናት ደግሞ አንቺ ነሽ። ያንቺን ውሳኔ እኔ አልቆርጥልሽም። ቁረጪና እኔ አረዳታለሁ።»

እማዋይሽ ደጅ ወጥታ ልጇን አየቻት። ትርፌ ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ በእጇ ጀርባ ትቀልባለች፤ ሲወድቅባት ትስቃለች። እናትየው ተመልሳ ገባች። «እዚህ ይሁን፣» አለች።

«ዘመድስ?» አሉ እማማ አቻምየለሽ። «መርዶ ያለ ዘመድ አይሆንም።»

ቢያድግልኝ ተነሣና አቧራውን አራገፈ። «የአጎት ቦታ ባዶ ከሆነ እኔ ልቀመጥበት?» አለ። «ለሥራው አልተመዘንኩም እንጂ ሌላ ጉድለት የለብኝም።»

በማለዳ ሜዳው ላይ ሰሌን ተነጠፈ። ቋንቋዋን ማንም የማይሰማት አንዲት የሩቅ አገር ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጥታ አክስት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ወንድማማቾቹ ሸማኔዎች መጡ። ልጆቿን መንገድ ላይ የቀበረች ሴት መጣች። ከአራት ማዕዘን የመጣ ሕዝብ ለአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ዘመድ ሆነ።

እማማ አቻምየለሽ ትርፌን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሱላት።

«ትርፌ፣ የአባትሽ አባት ሲሞት ለአባትሽ ያረዳሁት እኔ ነኝ። አሁን ላንቺ የምነግርሽ እኔ ነኝ። አባትሽ ማር ሊቆርጥ አልሄደም። አባትሽ ሞቷል። ክፉ ሰዎች ገደሉት። እናትሽና እኔ ነን የቀበርነው።»

ሰዉ ሁሉ እጁን ሊዘረጋ ተዘጋጅቶ ነበር። ትርፌ አላለቀሰችም። ዙሪያዋን አየች።

«ጫማው እግሩ ላይ ነበር?»

«ነበር። አላወለቅንለትም።»

«የሚያመው ጎን ከላይ ሆኖ ነው የተኛው?»

«ከላይ ሆኖ ነው፣ የኔ እናት። እኔ ራሴ አስተኛሁት።»

ትርፌ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «የሚመልሱን እኔ ማር ብዬ ስለነገርኳቸው ነው?»

ይህን ጊዜ ነው እማዋይሽ የወደቀችው። አጎት የተባለው ሰው ያዛት። አማቷም «አይደለም ልጄ፤» አሉ ለትርፌ፣ «አንቺ ያልሽው እኛ ያልንሽን ነው። የእናትና የአያትን ቃል ያከበረ ልጅ አገር አያስፈርስም።»

ልጅቱ «እሺ» አለችና ከጭናቸው ወረደች። ሄዳ ጠጠሯን ማንሣት ጀመረች። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እማዋይሽ ያን ጊዜ አዳራሹን አሰበችው፤ ሦስቱን ጀርባ፣ የተዘጋጀውን ጆሮ፣ አለማልቀሷን፣ እዚያ ቢሆን ኖሮ የሚወድቅባቸውን ድንጋይ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ቢያድግልኝ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ እንስራውን በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ታየ። ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ትከሻውን ጣል አድርጎ፣ ልክ መቆፈሪያ ተሸክሞ ከሥራ እንደሚመለስ ሰው። ትርፌ ብድግ አለች። ሁለት እርምጃ ያህል ሮጠች። ከዚያ ቆመች። ከዚያ አለቀሰች። እንስራው ወደቀ፤ ሰውየው ደርሶ አነሣት፤ ሰሌኑ ላይ የነበረው ሁሉ በየቋንቋው አለቀሰ። የሚያቅፋት እጅ ከመብዛቱ የተነሣ ልጅቱ አልታየችም።

ከአዳራሹ የተላከ ዘበኛ በዚህ መሐል መጣ። «ሊቀ ሰሚው ሚዛኑን አስወልውሎ ይጠብቅሻል፣» አለ። እማዋይሽ ልጇን ለአማቷ ሰጥታ ብቻዋን ወጣች።

«እባክሽ፣ ልጅቱስ?» አለ ማስረሻ፣ የእግር ድምፅ አንድ ብቻ መሆኑን ሰምቶ።

«አረዳናት።»

«የት?»

«ሜዳው ላይ፣ በወገኖቿ መሐል።»

የማስረሻ ጀርባ ቀጥ አለ። «ማስረጃውን አባከንሽው! ያን ያህል ዕድል ሰጥቼሽ!» ከዚያ ግን ሕግ ዐዋቂ ነውና አሰበበት። «መቼ ነው ያለቀሰችው?»

«አሁን። እያለቀሰች ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ትኩስ ነው። ሩጪ፣ ሳይበርድ አምጪያት። እባክሽ።»

እማዋይሽ መለሰችለት። መልሷን ሰምቶ መጀመሪያ የተነሣው ሽማግሌው ፈንታ ነው፤ ጉልበቱን ይዞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ዞረና በአጠገቧ አልፎ ወደ ሜዳው ወረደ። ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላዋን እየዘቀዘቀች ተከተለችው። ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቱን አዩ፤ «እግዜር ያጥናሽ» አሉ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ደግሞ ተመልሶ «ሟቹ በሕይወት አለ» ብሎ መፍረድ አይችልም። ይህ በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈም ማስረሻ ሊሽረው አልቻለም። ሁለቱ ተመልሰው ድንጋዩን ከሚዛኑ አነሡት። ማስረሻ ብቻውን ለቅሶዋን እየጠበቀ አዳራሹ ውስጥ ቀረ።

ጥላው የተሰጣቸው ለአንድ ዓመት ነው፤ የዚያ አገር ደግነት በየዓመቱ ይታደሳል። እማዋይሽም በየዓመቱ እየተጠራች «ባልሽ አሁንም እንደ ሞተ ነው ወይ?» ተብላ ትጠየቃለች፤ «እስካሁን አልተመለሰም» ትላለች። ቢያድግልኝ ጅራፉን አላገኘም፤ የሱ ነገር ገና በሚዛን ላይ ነው። ትርፌ አድጋለች፤ አጎቴ ትለዋለች።

እማዋይሽ በዚያ ቀን፣ «ሳይበርድ አምጪያት» ላላት ጀርባ የመለሰችው ቃል ይህ ነው፦

«ጌታዬ፣ ልጄን ይዤ የመጣሁት ከሞት ላስጥላት ነው እንጂ በአባቷ ሞት ልሸጣት አይደለም። ካመኑኝ በሩን ይክፈቱልኝ፤ ካላመኑኝ መንገዱን ያሳዩኝ። ለቅሶዋን መስማት ከፈለጉ ግን ሰሌኑ እታች ሜዳው ላይ ተነጥፏል፤ እንደ ሰው መጥተው ይቀመጡ።»